አባዬ የሳታት ቀዳዳ

ለውድ እህቴ ለዶርካስ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ሲበርድ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ሌስ ወገቡን እንዴት አደረገው? የፖም መልቀሚያ መሰላል ላይ መውጣቱን ተው ብትይው የማይሰማ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ክሌመንት ተው ብሎሃል በይው። ታምሲን አዲሱን ትምህርት ቤት ወደደችው? ሮቢንስ የፊት ጥርሶቹ በቀሉለት፣ ወይስ አሁንም ፎቶው ላይ እንዳየሁት ድዱን ገልጦ ነው የሚስቀው? በእናንተ በደቡቡ ዓለም አሁን ጸደይ መሆኑ ነው። እኛ ጋ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ጭቃውም ጫማ ማስወለቅ ጀምሯል።

እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ቤሪል ዘንድሮም ከዳምሰን ፍሬ ማርመላታ ቀቅላ ለሁለት ክረምት የሚበቃ ማሰሮ ደርድራለች። እማዬን ግን ጉንፋን ጥሏት ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነው፤ ከላይ ቤት ተኝታለች። አትደንግጪ፣ ድምፅዋ ከእኔ ይበልጣል። ትናንት ሻዩ ቀጠነ ብላ ቤሪልን ስትጣራ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ብርዱ የመታት ካቴድራል ውስጥ ነው። እማዬን ካቴድራል ማን ወሰዳት ብትይ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ለዚያ ነው።

የላክሽልኝ ጎባጣዋ ዋሽንት በሴፕቴምበር መጀመሪያ በሰላም ደረሰችኝ። በሮቢን አሮጌ ፒጃማ ጠቅልለሽ በብስኩት ቆርቆሮ ማሸግሽ በጀ፤ አንድ ጭረት እንኳ አላገኛትም። እንደ ከዘራ እጀታ የታጠፈው ጫፏ፣ አባዬ በጋለ ብረት የተኮሰው የስሙ ምልክትና ዓመቱ 1966፣ ሁሉም እንዳለ ነው። በአፏ በኩል ያለችው ምላስ ብቻ ደርቃ ተሰንጥቃ ነበርና አዲስ ሸምበቆ ቀርጬ ከተትኩላት። ከሥሯ ያስቀመጥሻትን ብጣሽ ወረቀትም አነበብኳት። «ክሌም፣ የላክሁልህ ልትነፋት ነው እንጂ ልትመታባት አይደለም» ብለሻል።

እታለም፣ ላንቺ መዋሸት አልችልበትም። መታሁባት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ የጠጣው ግን ግማሹን ነው። እስከ ዛሬ ነገሩን በቁርጥራጭ ነበር የምጽፍልሽ። አሁን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ።

አባዬ ጎባጣዋን የሠራበትን ሰሞን ታስታውሻለሽ። የጥንት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ባመጣሁ ጊዜ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየና «ይቺማ የታመመች ከዘራ ናት፤ እኔ ራሴ እሠራልሃለሁ» አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ የጋሪ መንኮራኩርና የሬሳ ሣጥን ሲሠራ ለኖረ ሰው እንጨት በእንፋሎት ማጠፍ ቀላል ነው። ጉዱ የመጣው ቀዳዳዎቹን ሲበሳ ነው። ሦስቱን በመጽሐፉ ልክ በሳ። ከዚያ የወይዘሮ ፕሮሰር ልጆች እናታቸው አርፋ ሣጥን ሊያዙ መጡ። አባዬ ወጥቶ አጽናናቸው፣ የሟቿን ቁመት ጠየቀ፣ ሐሳቡ እዚያው እንደቀረ ተመልሶ ገባና ሥራውን ቀጠለ። የመንኮራኩር ዘንጎች እኩል እኩል ተራርቀው ነው የሚተከሉት። የለመደ እጁ አራተኛዋን ቀዳዳ እንደ መንኮራኩር እኩል ለክቶ በሳት። የዋሽንት ቀዳዳ ደግሞ እኩል አይሄድም። ስለዚህ ጎባጣዋ ሦስቱን ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባች ንብ አሳምራ ታሰማና፣ አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ሆዱን እንደታመመ ጥጃ እምቧ ትላለች።

እማዬ ያን ቀን ሳቋ እስኪያፍናት ድረስ ሳቀች። አባዬ ግን ቅር እንኳ አላለው። «ምን ችግር አለው? የቤታችንን አራተኛ ደረጃ ስትዘል አይደል ያደግኸው? ይቺንም ዝለላት» ነበር ያለው። ያቺ የበሰበሰች ደረጃ እግራችንን አስለምዳን እኮ ነው ያሳደገችን። እንግዳ ሲረግጣት የምታሰማውን ጩኸት ስንሰማ እኔና አንቺ «የማያውቅ መጣ» እንባባል ነበር።

ፒርስ ሊንገን ግን ረግጧት አያውቅም። እናቱ ጥላው ከሄደች በኋላ፣ ሐኪሙ አባቱ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ሲዞር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እራቱን ከእኛ ጋር የበላ ልጅ ነው። እማዬ የእኔን ሹራብ ስትሠራ የእሱንም ትሠራ ነበር። ጎባጣዋን መንፋት የተማርነውም ሁለታችን እየተቀባበልን፣ በእኔ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ስለማታውቂው አይደለም። በደሉ ከየት እንደሚጀምር ለማስያዝ ነው።

ዜማዋን ያወጣኋት አባዬ በሞተ ሳምንት ነው። ከጎባጣዋ ነው ያወጣኋት፤ ስለዚህ ዜማዋ አራተኛዋ ጋ በደረሰች ቁጥር እግሯን አንሥታ ትዘላለች። በቀብሩ ቀን እየነፋኋት ከሣጥኑ ፊት ለፊት ሄድኩ። እኔ ልሸከምበት የሚገባኝን ማዕዘን ፒርስ ተሸከመልኝ። እንግዲህ አስቢው፤ ያቺን ዜማ መጀመሪያ የሰማት ትከሻውን ከአባታችን ሬሳ ሥር አድርጎ ነው። ከዚያ በኋላ ጎባጣዋን ማየት አቃተኝ፤ አንቺ ባሕር ማዶ ወደ ሆባርት ስትሄጂ ውሰጂልኝ ብዬ ሻንጣሽ ውስጥ የከተትኩልሽም ለዚያ ነበር።

በ1970 «የድንጋይ ርግብ» የተባለውን ባንድ ስናቋቁም እኔ ሌላ ጎባጣ ሠርቼ ነበር፣ ቀዳዳዋ ሁሉ የተስተካከለ። ያኔ ጸጉሩን ያስረዘመ ወጣት ሁሉ የሚወደው ሙዚቃ መጥቶ ነበር፤ የመነኮሳት ዝማሬና የጥንት የቤተ መንግሥት ጭፈራ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከኦርጋን ጋር ተጋብቶ፣ አንድ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የሚበላበት። የእኛም ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። መካከሉ ላይ ሁሉም ጸጥ ይላል፣ እኔ ብቻዬን የአባዬን ዜማ እነፋለሁ፣ ቀስ ብሎ የፒርስ ኦርጋን ይከተለኛል፣ ከዚያ የከበሮ መቺያችን የማል ከበሮ በሰባት ምት ይገባና ቤቱ ይናወጣል። አንድ ቀን ስንለማመድ ፒርስ «አሁንማ ቀዳዳዋ ደህና ናት፣ የጎደለችውን ድምፅ አስገባትና ዜማው ይሙላ» አለኝ። «አይሞላም፤ አባዬ ያጎደላት ናት» አልኩት። «እሺ» አለ። ስለዚህ ሳያውቅ ነው የሚል ካለ ውሸት ነው። አሳምሮ ያውቃል።

በ1972 የሸክላ ኩባንያ ሰዎች መጡና ከባንዱ ተባረርኩ። ኩባንያው አይደለም ያባረረኝ፣ ፒርስ ነው። «ክሌም፣ አትቀየመኝ፤ አንተ የወርክሾፕ ሰው ነህ፣ መድረክ ላይ ሙጫ ሙጫ ትሸታለህ» አለኝ፣ እየሳቀ፣ ትከሻዬን እየመታ። እሱንስ ዋጥ አደረግኩት። በዓመቱ ሸክላው ወጣ። ሽፋኑን ገልብጬ ሳነብ «ዜማው ከአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የአንድ መነኩሴ ብራና የተወሰደ፤ ያገኘው ፒርስ ሊንገን» ይላል። በልጅነቱ የካቴድራሉ መዘምራን ክፍል ውስጥ አንድ የተቀዳደደ ብራና አግኝቶ ገልብጦት ነበር፣ ብራናው በኋላ ጠፋ፣ ነው ታሪኩ። ለኩባንያው ጻፍኩ። መልሱ ምን ነበር መሰለሽ? ሚስተር ሊንገን ብራናውን በልጅነታችሁ ያሳየህ አንተን አይደለም ወይ፣ ዜማውንስ ከእሱ አይደለም ወይ የሰማኸው፣ በወረቀት የጻፍከው ማስረጃ አለህ ወይ። በወረቀት ጽፌው አላውቅም። ተሰርቄ ሳለ ሌባው እኔ ሆንኩ። አባዬም ያልተወለደ መነኩሴ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መጠጥ ቤት መግባት አስጠላኝ። ሬጅ ዋትኪንስን ታውቂው የለ? በሩን ከፍቼ በገባሁ ቁጥር «የአምስት መቶ ዓመቱ መነኩሴ መጣ፣ ወንበር ልቀቁለት፣ ጉልበቱ አይችልም» ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ የፖም መጠጤን ሲደሬን እጠጣለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ቤቴ እመለሳለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሣጥን ስሠራ እንኳ እያንዳንዷን ምስማር በፒርስ ስም ነበር የምመታት፤ ሙታኑ ይቅር ይበሉኝ።

ዘንድሮ ደግሞ ዶክተር ባሴት የሚባሉ የጥንት ሙዚቃ አዋቂ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ ስለዚህ ዜማ መጽሔት ላይ አሥራ አንድ ገጽ ጻፉ። ዜማው ለምን አራተኛዋን ድምፅ አይነካም? መነኩሴው በዐቢይ ጾም ከደስታ ሲጾም ነው፤ አራተኛዋ ድምፅ በዚያን ዘመን የደስታ በር ነበረችና። ቤሪል ስታነብልኝ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄን አቋርጬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ላንቺ «ጎባጣዋን ላኪልኝ» ብዬ የጻፍኩት በነጋታው ነው።

ጎባጣዋ እንደደረሰች በብስኩቱ ቆርቆሮ ይዣት ዶክተር ባሴት ቤት ሄድኩ። ሦስት ድመቶችን ከወንበር ላይ አንሥተው አስቀመጡኝ። ምንም ሳልናገር ከታች ወደ ላይ ነፋሁላቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እምቧ። ድመቶቹ ሸሹ። ቀጥዬ ዜማውን ነፋሁ። ከዚያ አባዬንና የመንኮራኩሩን ዘንግ፣ የወይዘሮ ፕሮሰርንም ሞት ነገርኳቸው። ጎባጣዋን ተቀብለው አራተኛዋን ቀዳዳ በትንሽ ጣታቸው ዳበሱ። በመጨረሻ «ሚስተር ያፕ፣ እኔ ስለዚች ቀዳዳ አሥራ አንድ ገጽ ጽፌአለሁ» አሉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እጃቸውን አነሡ። «ከእርስዎ አባት ጋር ጠብ የለኝም። የሚቀጥለው ወር የመኸር የሙዚቃ በዓል ላይ ሚስተር ሊንገን ካቴድራሉ ውስጥ እንዲናገርና እንዲጫወት የጋበዝኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ቢላዋውን እኔ እይዘዋለሁ» አሉኝ። እታለም፣ እኔ ቂመኛ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። የተማረ ሰው ቂም ግን ሌላ ነው።

ቀኑ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ፒርስ ሲክድ ተነሥቼ የማነበውን ንግግር አራት ገጽ ጻፍኩ። ቤሪል አንብባ «ይሄን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልታነበው ነው? ጣሪያው ይወርድብሃል» አለችኝ። ሁለት ቃል ብቻ ሰረዝኩ። እማዬንም ወሰድኳት፣ ይህን ስነግርሽ አፍራለሁ። ሙዚቃ ላሰማት የወሰድኳት መስሏታል። እኔ የፈለግኩት ፒርስ በዓይኗ ፊት እንዲዋሽ ነው። ያበላችውን ሴት እያየ ይዋሽ፣ ከዚያ ይዋረድ። መኪናው ውስጥ የቀብር ኮፍያዋን እያስተካከለች ፊቴን አይታ «ምነው? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አለችኝ። ከዚህች ሴት የሚደበቅ ነገር የለም።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ካቴድራሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከፊት ኮፍያ ያደረጉ እመቤቶች፣ ከኋላ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ ልጆች። ሳልወድ ልናገር፣ እነ ፒርስ አሳምረው ተጫወቱ። የፒርስ ኦርጋን ከድንጋዩ ጣሪያ ጋር ሲነጋገር፣ የማል ከበሮ ሲገባ፣ ሰውነቴን ነዘረኝ። ይህም አናደደኝ። የገዛ ልጅሽን ሰው ቤት አምሮበት እንደማየት ነው። ከዚያ ፒርስ በቬልቬት ካፖርቱ ቆሞ ስለ ብራናው ተረከ። ሻማ ነበረ፣ አቧራ ነበረ፣ የልጅነት እጁ ተንቀጥቅጦ ነበር። ሰዉ አፉን ከፍቶ ነው የሰማው። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ አራቱን ገጽ እዳብሳለሁ።

ዶክተር ባሴት ተነሡ። የሮቢን ፒጃማ፣ ባቡር ባቡር ያለበት፣ በሁለት እጃቸው ላይ እንደ ሕፃን ተኝቷል። «ከአቅራቢያችን አንድ ሰው አንዲት መሣሪያ አውሶናል፤ ሚስተር ሊንገን ቢሞክራት ደስ ይለናል» አሉና ገለጡት። ፒርስ እየሣቀ እጁን ዘረጋ። ምልክቱን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። እሳቸው ግን ለስለስ ብለው «እስቲ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ይንፉልን፤ አንዷንም ሳይዘሉ» አሉት። ያ ሁሉ ሰው እያየው እምቢ ማለት አይችልም። ነፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ያቺ ጥጃ የካቴድራሉን ጣሪያ ዞራ ተመልሳ መጣች።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ስጠብቀው የኖርኩት ሳቅ ነበር፤ ልጠጣው ቀና ስል ግን ከሁሉም በላይ የምትስቅ አንዲት ሴት ሰማሁ። ዞር ብል እማዬ ናት። ኮፍያዋ ተንሸራቶ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጉልበቷን እየመታች ትስቃለች። ልክ ያን ቀን ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ እንደሳቀችው። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ቂሜን ይዤ እንድቀመጥ እንኳ እናቴ አላስቻለችኝም።

ዶክተር ባሴት ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «አሁን ዜማውን» አሉ። ነፋው። እግር የለመደውን ጫማ እንደሚያገኝ፣ ዜማው ጎባጣዋ ውስጥ ገብቶ ልክክ አለ፤ አራተኛዋ ጋ ሲደርስ ዘለለ፣ ደግሞ ዘለለ። ሳይነገረው ሰዉ ገብቶት ጸጥ አለ። «ይህችን መሣሪያ ማን ሠራት?» አሉት። እኔ ግማሽ ተነሥቻለሁ። ይዋሽ፣ እባክህ ይዋሽ፣ ብዬ ጸለይኩ፤ ካቴድራል ውስጥ ከልቤ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፒርስ እማዬን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ «ኢኖክ ያፕ» አለ። «ሣጥን ሠሪው። እራት ያበላኝ የነበረ ሰው። ዜማው የልጁ የክሌመንት ነው። ብራና የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለና መሠዊያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

እና ደስ ያለኝ ይመስልሻል? ግማሽ እንደተነሣሁ ቀረሁ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን፣ አራት ገጽ ሙሉ የጻፍኩትን፣ በአንድ ትንፋሽ ነጠቀኝ። ዜማዬን ሰርቆኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ በቀሌን ሰረቀኝ። ሰኞ ዕለት የከተማው ጋዜጣ «ሙዚቀኛው በካቴድራል ተናዘዘ» ብሎ ፎቶውን አወጣ፣ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ቅዱስ። ድፍረቱን አደነቁለት። እኔ ከሥር፣ ስድስተኛው መስመር ላይ፣ «አንድ የአካባቢው አናጢ» ተብያለሁ። መጠጥ ቤት ስገባ ሬጅ ኮፍያውን አወለቀልኝና «ክሌም፣ መነኩሴው ሞተ አሉ፤ ሣጥኑን አንተ ነህ የምትሠራለት?» አለኝ። ቢያንስ በዚህኛው ከልቤ ሳቅኩ።

ማክሰኞ ፒርስ ራሱ መጣ። እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ሳንቃ እየላግኩ ነበር። ቤሪል በሩን ከፈተችለት፤ እማዬ ታማለች ስትለው ልያት ብሎ ወደ ላይ ቤት አመራ። ደረጃው ከወርክሾፑ ግድግዳ ጀርባ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ መላጊያዬን አቁሜ አዳመጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። ያቺን ደረጃ በ1971 በጠንካራ የባሉጥ እንጨት እኔው ጠግኛታለሁ፤ አሁን ፈረስ ቢቆምባት አትነቃነቅም። እሱ ስትጠገን አይቷል፣ ሳንቃውን የያዘልኝም እሱ ነው። ቢሆንም ዘለላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ላላ። ልቤ ራርቶ እንዳያዋርደኝ ብዬ መላጊያዬን አንሥቼ እንደ እብድ ላግኩ።

ወርዶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ሻይ በተሸረፈችው ስኒ ሰጠሁት፤ ውሻችን ውሃ የሚጠጣባት ናት፣ አልነገርኩትም። «ምን ላድርግልህ ክሌም?» አለኝ። «ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ፣ አልጨረስኩም» አልኩት። ሸክላው እንደገና ሊታተም ነውና የአዲሱን ሽፋን ረቂቅ ይዞ መጥቷል፤ «የምትፈልገውን ጻፍበት፣ የፈለግኸውን ስደበኝ፣ እንዳለ ይታተማል» ብሎ ብዕር ሰጠኝ። አራቱ ገጽ እዚያው ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ብዕሩን ስይዝ ግን ያ ሁሉ ስድብ ከአባዬ ስም አጠገብ ሊቀመጥ እንደማይችል ገባኝ። እንዲህ ብዬ ብቻ ጻፍኩ፦ «ዜማው የክሌመንት ያፕ፤ የጎደለችው ድምፅ የኢኖክ ያፕ»።

ፒርስ ይህን አንብቦ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር የማርኩት መስሎት ይሆናል። አልማርኩትም። «አሁን ቅጣትህን ስማ» አልኩት። «ከእንግዲህ ይህን ዜማ የትም ስትጫወቱ፣ መጀመሪያ አንተ ብቻህን የአባዬን ጎባጣ ይዘህ ትቆማለህ። ከታች ወደ ላይ ትነፋለህ፣ አራተኛዋን ሳትዘል። ሰው ሁሉ ይሳቅብህ። ከዚያ የማን ቀዳዳ እንደሆነችና አንተ ምን ብለህ እንደዋሸህ ትናገራለህ። ያኔ ብቻ ዜማውን ትጀምራለህ።» «እስከ መቼ?» አለኝ። «እስክጠግብ» አልኩት። «አንተ ደግሞ ከልጅነትህም ቶሎ አትጠግብም» አለ። ልስቅ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ መለስኩት።

እንግዲህ እታለም፣ ጎባጣዋ የእኔ አይደለችም፣ ያንቺ ናት። ፍርዱ ያንቺን ቃል እየጠበቀ ነው። መልሰህ ላክልኝ ካልሽ በዚያው ቆርቆሮ አሽጌ እልካታለሁ። ትቆይ ካልሽ ደግሞ በፒርስ አፍ ከከተማ ከተማ ትዞራለች። ልትነፋት እንጂ ልትመታባት አይደለም ያልሽውን አልረሳሁም። አሁን እየተነፋች ነው የምትመታው፤ ከዚህ በላይ ቃልሽን ማክበር አልችልም።

መልስሽ እስኪደርስ ፒርስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እንዲለማመድ አድርጌአለሁ። እማዬ ካላየሁት ብላ ላይ ቤት አልጋዋ አጠገብ ነው የሚነፋው። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ «አንዴ ድገማት የኔ ልጅ» ትለዋለች፣ ይደግማታል፣ ሳቋ ከሳሏ ጋር ተደባልቆ ወርክሾፔ ድረስ ይሰማል። የቀጣሁት መስሎኝ ነበር። ለማን እንደ ደገስኩ አሁን አላውቅም።

ለሌስ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ መሰላሉንም አደራ። ታምሲንን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሮቢንን አጎትህ ፒጃማህን በካቴድራል መሠዊያ ፊት አስገለጠው በይው፤ ሲያድግ ይገባዋል። የጎረቤትሽን የወይዘሮ ኦልሰንን እግር እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። እማዬ ብዙ ብዙ ትስምሻለች፤ ሹራብሽ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው ብላለች። ቤሪል የማርመላታውን አሠራር በሌላ ወረቀት ጽፋልሻለች፤ እናንተ ጋ ዳምሰን ከሌለ በፕለም ይሆናል ትላለች። ዶክተር ባሴትም፣ ሳታውቂያቸው፣ ጎባጣዋን በደንብ ስላሸግሽ አመስግኑልኝ ብለዋል።

ደብዳቤውን ላሽግ ስል የፒርስ መኪና ደጅ ላይ ቆመ፤ ለካ ዛሬ ቅዳሜ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያቺን ደረጃ ቢረግጣት «የማያውቅ መጣ» ብዬ ሙሉ በሙሉ እጠላው ነበር። የምጠብቀውም ያንን ነው። ይኸው ቤሪል ከፈተችለት፤ እየወጣ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት።

ወንድምሽ ክሌመንት
ያርሶፕ ኮት፣ ሄርፎርድሺር
ኖቬምበር 1 ቀን 1975